የሦስት ጣት ልክ

ወድ ኤል ሒለው፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለያለምወርቅ፣ በረዶ አገር።

ስሚ! ያልሰማሽ ስሚ፣ የሰማሽ ላልሰማ አሰሚ። በዛሬው ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሰቲት ወንዝ ዳር፣ በወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ሰፈር፣ የጎረቤታችን የሻይ ሻጯ የኡምሰልማ ዶሮ ከዘጠኝ ወር ዝምታ በኋላ አንድ እንቁላል ጥላለች። እንቁላሉ በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል። ወላዲቱም ከመደንገጥ በቀር የደረሰባት ጉዳት የለም።

ዜናው እንደተሰማ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ቄሱም ሼኩም መጥተው አዩ። አንድ ሽማግሌ፣ እኔ መሆኔን ለማንም እንዳትነግሪ፣ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንስቶ ከመረመረ በኋላ «ውስጡ አለበት» ሲል መሰከረ። የነቢያት ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው መጣሏ ደግሞ ዶሮዋ የእስላም ብትሆንም የኛን ቀን መቁጠሪያ እንደምታውቅ ያሳያል። ኡምሰልማ፣ እጇ አይንጠፍ፣ እንቁላሉን ለእናትሽ ሰጠቻት፤ ለሳሏ። እናትሽ መርቃ ተቀበለች፣ ቀቀለች፣ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙራ ለማሬ ላጠችላት። እኔ አላየሁም። አላዩም ተብያለሁና።

ለዜናው ስቸኩል ሰላምታው ወደ ታች ወረደ። እንደምን ከርመሻል? የአባቶችሽ አምላክ በሄድሽበት ይቅደምሽ፣ በተኛሽበት ይጠብቅሽ። ስለ እኛ አታስቢ። እኔ ወፍሬያለሁ፤ ጢሜ ብቻ ነው የወፈረው። እናትሽ ሸጊቱ የሙሽራ ወገብ አውጥታለች፤ አባትሽ በአብደራፊ መንገድ ላይ ባይቀርብን ኖሮ እንደገና ያገባት ነበር። ማሬ ስምንት ዓመት ሞላት። አድጋለች፤ ወደ ላይ ብቻ። ራሽን የሚሰጡን ኸዋጃዎች፣ ነጮቹ፣ ሳምንቱን አሥራ አንድ ቀን አድርገውታል፤ እኛም ከነሱ ጋር ላለመጣላት አሥራ አንድ ቀን ብለን እንቆጥራለን።

ሰፈሩ እየሰፋ ነው። ከማዶ በየቀኑ ሰው ይመጣል። በመግቢያው በኩል ቦታ የለም፤ የሚሰፋው በወዲያኛው በኩል ነው፣ አፈሩ በተቆፈረበት።

ደብዳቤ ስትልኪ እንደ ድሮው በገዳሪፍ በያዕቁብ መደብር በኩል ይሁን። እሱ ሎሪ በተነሣ ቁጥር ይልክልናል። አንቺ ግን እዚያ ምን እየሠራሽ ነው? ጣት እለካለሁ ያልሽው አልገባኝም። ለቀለበት ነው?

አያትሽ አየነው


ትሮምሶ፣ ጥር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አያቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ናት? ማሬስ? ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ እኔ ተመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ፀሐይ ከኅዳር ወዲህ አልወጣችም። ቀኑን በመብራት ነው የምንውለው። በዚህ ከተማ አንድም የአገር ሰው የለም፤ አማርኛ የምናገረው ከደብዳቤዎ ጋር ነው።

ስለ እንቁላሉ አንብቤ ሳቅሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ሳቁ ሄደ። አባባ፣ በጻፉልኝ ሁሉ ውስጥ እውነቱን ከቀልዱ መለየት አቃተኝ። የሙሽራ ወገብ ማለት ምን ማለት ነው? ሳሏ ደም አለው?

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። ከሰዓት በፊት ነርስነት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት አሮጊት ዶክተር ጋር እሠራለሁ። እሷ የዓሣ አጥማጆችን ጣት ነው የምታጠናው። ሰውየው መሐል ጣቱን በረዶ በገባበት ውኃ ይነክራል፤ እኛ በየሁለት ደቂቃው የጣቱን ሙቀት እንጽፋለን። መጀመሪያ የጣቱ ደም ሥሮች ይዘጋሉ። ሰውነት ሙቀቱን ለሆድና ለልብ ይሰበስባል፤ ጣቱ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጤነኛ ሰው ከሆነ ስምንት አሥር ደቂቃ ሲቆይ ሥሮቹ በራሳቸው ይከፈታሉ፤ ደሙ ይመለሳል፤ ጣቱ በረዶው ውስጥ እንዳለ ይሞቃል። ደግሞ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይከፈታሉ። ሥጋው ያለቀበት ሰው ግን እንዲህ አይሆንም። የሚመልሰው ደም፣ የሚሰጠው ሙቀት የለውም። ዶክተሯ በልጅነቷ እዚሁ በጦርነቱ ዘመን ረሀብ አይታለች። የተራበ ጣት በሩን አይከፍትም ትላለች።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ዶክተሯ ከምታውቃቸው ሰዎች ጋር ሆና ለሕክምና ሰው እንዳስመጣ ልታስፈቅድልኝ ነው። አንድ ሰው። ሁለት ይሁኑ ብዬ ለመንሁ፤ እንቢ አሉ። ለሌላው መጠየቅ የሚቻለው ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ከእማዬና ከማሬ የትኛዋ ዓመት እንደማትቆይ ማወቅ አለብኝ። ሌላ መንገድ የለኝም። እርስዎ ይቀልዳሉ። እማዬ ትደብቃለች። ማሬ ልጅ ናት። ከዚህ ጋር በጥቅሉ የላክሁት ሽቦ ግን አይቀልድም፣ አይደብቅም። ጫፉ ላይ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ከጣቱ ጋር በፕላስተር ያጣብቋት። በረዶ ከገዳሪፍ በያዕቁብ በኩል ይፈልጉ። ጣቱን ለአሥራ ስምንት ደቂቃ ውስጡ ያቆዩት፤ ሽቦው የተያያዘበት ሳጥን ላይ የሚወጣውን ቁጥር በየሁለት ደቂቃው ይጻፉ። ሦስታችሁም ተለኩ፣ የእርስዎንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቁጥሩ የነገረኝን አደርጋለሁ። ያነሰችውን አመጣለሁ።

ልጅዎ ያለምወርቅ

ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ያንብቡት። እማዬ እንዳትሰማው።


ወድ ኤል ሒለው፣ መጋቢት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለጣት ለኪዋ ለያለምወርቅ፤ ፀሐያችሁን ማን እንደወሰደባችሁ አትጠይቁ፣ እኛ ጋ ናት፤ ከቻላችሁ መጥታችሁ ውሰዱልን።

ትምህርቱ ብዙ ነገር ጨምሮልሻል፤ ደብዳቤ እዚህ እንዴት እንደሚነበብ ግን አስረስቶሻል። ከውጭ ደብዳቤ መጣ ሲባል ጎረቤት ይሰበሰባል። አንባቢው ይቆማል። ከሰላምታው ተነሥቶ እስከ ፊርማው ሳያቆም ያነባል። መሐል ላይ ምላሱን የያዘ አንባቢ ሞት አይቷል ማለት ነው፤ ገና ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይይዛሉ። እኔ ስለ በረዶው፣ ስለ ዓሣ አጥማጁ በጥሩ ድምፅ እያነበብሁ ሄድሁ፣ ኡምሰልማ እየነቀነቀች፣ ሌሎቹ «እህ» እያሉ። «ዋናውን ልንገርዎ» የምትለው ላይ ስደርስ ነገሩ ሸተተኝ፤ ግን እንዴት ልቁም? ብቆም እናትሽ አንቺ የሞትሽ ይመስላት ነበር። እየሮጥሁ አነበብሁት። «ለብቻዎ ያንብቡት» የምትለዋን መስመር ለአሥራ አንድ ሰው ጮክ ብዬ ነው ያሰማሁት። ሁሉም ወደ እናትሽ ዞሩ።

እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና መለኪያውን አምጡት፣ እንየው አለች።

በረዶው እነሆ። ያዕቁብ ከገዳሪፍ በሰሊጥ ገለባ ጠቅልሎ፣ በጆንያ አስሮ በሎሪ ላከው። ከዚያ ሲነሣ ፍየል ያክል ነበር ብለዋል፤ እዚህ ሲደርስ ድመት አክሏል። ሰው ሁሉ ሊነካው መጣ። አንዲት ከወልቃይት የመጡ ባልቴት አሞሌ ጨው መስሏቸው ላሱትና አላግጣችሁብኛል ብለው ተቆጡን። ሁዳዴ ገብቷል ብለው ቄሱ ሊከለክሉን ፈለጉ፤ በረዶ የጾም ነው፣ ደግሞ እኛ ያምናውንም ጾም ገና አልፈታነውም ብዬ መለስሁላቸው። ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ከጥምቀት ወዲህ ገና አሁን ነው።

መጀመሪያ እኔ ገባሁ። ልጄ፣ ይህ ሥራ ከሆነ ሽፍታነትም ሥራ ነው። እስከ አራተኛው ደቂቃ ጣቴን ውሻ የያዘው መሰለኝ፤ ከዚያ ጣት እንዳለኝም ረሳሁ። ስለ በሩ ያልሽው ግን ገብቶኛል። ድሮ በመተማ ኬላ ሰሊጥ ጭነን ስንሻገር አንድ ጠባቂ ነበር። መጀመሪያ በሩን ይዘጋል። ቁጭ ብለሽ ስትጠብቂ፣ ሆዱ ሙሉ ከሆነ ራሱ ይራራና ይከፍታል። ያልበላ ዕለት ግን ማርያምም ብትለምነው አይከፍትም።

ከሁለቱ አንዷ እየጮኸች የሰፈሩን ውሻ አስነሣች። ሌላዋ ጣቱ የሷ ያልሆነ ይመስል አሥራ ስምንቱን ደቂቃ ወደ ወንዙ ስትመለከት ቆየች። ቁጥሩ ይኸው፤ መነጽር ስለሌለኝ ኡምሰልማ ሳጥኑን ከዓይኔ እያራቀችልኝ ነው ያነበብሁት።

አየነው፦ 34፣ 13፣ 7፣ 4፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 3፣ 4።

ሸጊቱ፦ 35፣ 14፣ 7፣ 4፣ 3፣ 6፣ 9፣ 8፣ 6፣ 9።

ማሬ፦ 33፣ 10፣ 5፣ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1።

የኔ በር ትንሽ ገርበብ ብሎ ተመልሶ ተዘጋ፤ ከጎረቤት ሊቆጥብ ነው። የሌሎቹን አንቺ ታውቂያለሽ። ሽቦው አይቀልድም ብለሻል።

አያትሽ አየነው


ትሮምሶ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለውድ አያቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። ደብዳቤዎ በበዓሉ ማግሥት ደረሰኝ።

እማዬ መስማቷ አንገቴን አስደፋኝ። ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ከመጨረሻው መስመር መጀመር ነበረብኝ፤ የአገሬን ንባብ ረስቼ ይህን አደረግሁ።

ቁጥሩን ከዶክተሯ ጋር ተቀምጠን አየነው። የእማዬ ጣት እንደ ዓሣ አጥማጅ ጣት ነው አለችኝ፤ ሙሉ በር ነው፣ ሁለት ጊዜ ከፍቷል። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ። የማሬን ግን ሁለታችንም ብዙ አላየነውም። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። እንዲህ ያለ መስመር በሕይወት ካለ ልጅ አይታ አታውቅም።

ስለዚህ ማሬ ትመጣለች። ጥያቄው ገብቷል፣ ፈጣን ይሆናል ብለዋል። ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም፣ ከዚያም እስከዚህ አብራት የምትመጣ ነርስ አለች። የሚያስፈልገው የእማዬ ፈቃድ ነው፤ ልጄ ትሂድ ብላ የአውራ ጣት አሻራዋን ያሳረፈችበት ወረቀት በቶሎ ላኩልኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። የጮኸችው የትኛዋ ናት? ዶክተሯ የሚያመው ጣት በሕይወት ያለ ጣት ነው ትላለች። ማሬ ያን ያህል ካለቀች እንዴት ጮኸች? እማዬ ከሆነች የጮኸችው፣ እማዬን ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም፤ አባዬ የቀረ ዕለት እንኳ አልጮኸችም። ደግሞ በደብዳቤዎ ውስጥ የሷን ድምፅ አጣሁት። ድሮ «ይበሉልኝ» የምትለው አንድ ነገር አይጠፋም ነበር። እባክዎ ከአፏ የወጣ አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ለሷ በሚቀጥለው ዓመት እጠይቃለሁ። በዚያ ጣት ዓመቱን ትሻገረዋለች።

ልጅዎ ያለምወርቅ


ወድ ኤል ሒለው፣ ሰኔ 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያለምወርቅ፤ ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስ።

ይህች አጭር ናት። ዝናቡ ጀምሯል፣ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ ሎሪው ዛሬ ካልሄደ እስከ መስከረም ላይሄድ ይችላል።

ወረቀቱን ከነአሻራው በያዕቁብ በኩል ግንቦት ላይ ልኬ ነበር፤ እንደደረሰ ገባኝ፣ ምክንያቱም ነርሷ መጥታ ማሬን ሰኔ 17 ቀን ወሰደቻት። ኡምሰልማ ጸጉሯን ሠራቻት። እኔ ሎሪው እስኪታጠፍ ድረስ እየሮጥሁ አብሬያት እሄድ ነበር ብልሽ አታምኚኝም፤ በዱላዬ ቆሜ ነው ያየኋት። አላለቀሰችም። አንዳንድ ነገር መክሬያታለሁ። ልጅ ናትና ብዙ አትጠይቂያት። እስክትለምድ ተያት።

እናትሽ ይበሉልኝ ያለችው፦ ማሬ ወተት እንቢ ካለች በጨው አሙቂላት። በጨው ከሆነ ትጠጣለች።

አሁን እኔም አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በከተማሽ የአገር ሰው የለም ብለሽ ነበር። ደግመሽ ፈልጊ። ሩቅም ቢሆን፣ በባቡር በመርከብ የሚመጣም ቢሆን። ሦስት አራት ሰው ይበቃል፤ አንድ ካህን ቢኖርበት፣ አንድ በሳል ሴት ብትኖርበት ደግ ነው። ስማቸውንና አድራሻቸውን ላኪልኝ፤ ልጽፍላቸው እፈልጋለሁ። ለምን እንዳትዪኝ። ሽማግሌ ወዳጅ ማብዛት ይወዳል።

አያትሽ አየነው


ትሮምሶ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

አባባ፤

ማሬ ደህና ናት። በጨው ትጠጣለች።

ከመጣች ሰባት ሳምንት ሙሉ የምትመልስልኝ አዎንና አይደለምን ብቻ ነበር። እርስዎ እንዳሉት ተውኋት። ባለፈው እሑድ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነይ ለእማዬ እንጻፍላት፣ አንቺ ሥዕል ሳዪላት አልኋት። እርሳሱን አስቀመጠችና፦

«ለእማዬ አይጻፍም። እማዬ አፈር ውስጥ ናት። አባባ ሰው እስኪሰበሰብ አትንገሪ ብሎኝ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሰው ተሰብስቧል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከኔና ከሷ በቀር ማንም በቤቱ አልነበረም። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሞተችው በትንሣኤ ዋዜማ ይሁን በዝናቡ አታውቅም፤ በረዶው ከመጣ በኋላ ነው ብቻ ትላለች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት ያረዳችኝ።

በማግሥቱ ዶክተሯ የማሬን ጣት ለካችው። በአሥረኛው ደቂቃ ሞቀ። ወርዶ ደግሞ ሞቀ። ዶክተሯ ሁለት ወር በልታለች፣ ሊሆን ይችላል አለች፤ ፊቷን ግን ከኔ አዞረች።

እኔ ያንን ወረቀት አምኜ መርጫለሁ። እናቴን ትቆያለች ብዬ ትቼያታለሁ። በሌላ ሁሉ ቢቀልዱብኝ ግድ የለኝም ነበር። ከቀልድዎ የምሸሽበት አንድ ነገር ነበር የላክሁልዎ። አሻራውስ ከማን እጅ ነው? ሠላሳ ቁጥር ጽፈውልኛል። ከሠላሳው ስንቱን ፈጠሩት? የትኛው ነው ውሸቱ? እሱን ብቻ ይጻፉልኝ። ሌላ አልፈልግም።

ያለምወርቅ


ወድ ኤል ሒለው፣ ጥቅምት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ ያለምወርቅ፤

ደብዳቤሽ ክረምቱን ገዳሪፍ ከያዕቁብ መደብር ከርሞ፣ መንገዱ ሲደርቅ ትናንት ደረሰኝ። ለብቻዬ አነበብሁት። ሰው መጥቶ ነበር፣ ራሴን አሞኛል ብዬ መለስኋቸው።

እግዚአብሔር ያጥናሽ። ይህን ቃል ሰባት ወር በጥርሴ ይዤው ነበር፤ ጥርሱም ስላነሰኝ ብዙ ጊዜ ሊያመልጠኝ ነበር። መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ ካህኑ ይቀድማል፣ የሚይዝሽ ክንድ በግራ በቀኝ ይኖራል። አንቺ ግን ማንም የለሽም። ሰው ፈልጊ ያልሁሽ ለዚያ ነበር። ልጅቷን አፍሽን ዝጊ ማለቴ ደግሞ ከሠራሁት ስሕተት ሁሉ የከፋው ነው፤ ሸክሙን ከኔ ጀርባ አውርጄ በሷ ላይ ጫንሁት። እሷን አትቆጪያት።

እናትሽ መጋቢት 21 ቀን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዐረፈች። ሳሉ ነው። ያንቺ የሚያዝያው ደብዳቤ ሲደርስ አንድ ወር ሆኗት ነበር። በገዛ ነጠላዋ ከፈንናት። አርባዋን በአንድ ጣሳ ንፍሮ አወጣን። ያዕቁብ ስኳር ልኮ ነበር፤ ኡምሰልማ እንደ እኅት ደረቷን መታች። በበረዶው የተነሣ ነው ብለሽ ደግሞ ሌላ ሸክም እንዳታነሺ። ትኩሳት ነበረባት፤ ጣቷን ስትነክር የአርማጭሆ ምንጭ ይመስላል ብላኛለች።

አሻራው የሷ ነው። ከመሞቷ አምስት ቀን በፊት የምድጃ ጥቀርሻ በውኃ አሽታ በሦስት ባዶ ወረቀት ላይ አተመችልኝ። ነጮች ወረቀት ይወዳሉ፣ ቢጠይቁዎ አይጡ አለችኝ። እኔ ጽሑፉን ከላይ የሞላሁት አንቺ ፈቃዱን ስትጠይቂ ነው። የወተቱንም ነገር ያለችው እሷ ናት፤ ሰኔ ላይ አይደለም እንጂ።

የለካን ዕለት ቁጥሩን ጽፌ ስጨርስ ሰዉ በረዶውን ይሻማ ነበር። እናትሽ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። ፊደል እንደማታውቅ ታውቂያለሽ። ከመስመሮቹ የኔ የትኛው ነው አለችኝ፤ በጣቴ አሳየኋት። ወረደ ወይስ ወጣ አለች። አልዋሸኋትም። የማሬስ? ወጣ አልኋት፤ ሁለት ጊዜ። ሳቀች። አባትሽ ከቀረ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ዓመት ሙሉ ከራሷ አፍ እየነጠቀች ለማሬ ያጎረሰችው ወዴት እንደሄደ ያን ዕለት በቁጥር ተነገራት።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አባቴ፣ እኔ ከሄድሁ የራሽን ካርዴም አብሮኝ ይሄዳል። ልጅቷ የምትበላው የኔን ነው። ክረምት ሳይወጣ የሷ ጣት የኔን ይሆናል። እንግዲያው አሁኑኑ ይሁንና ይጻፉት።»

አንድ ቀን ሙሉ ተከራከርኋት። መቀለድ የኔ ሥራ ነው፣ አንቺ አትግቢበት አልኋት። እውነቱን ጽፌ ያንቺንም ሐሳብ ልጨምርበት፣ ልጅሽ ትምረጥ አልኋት። ካወቀችማ እኔን ትመርጣለች አለች። ልክ ነበረች? አንቺ ታውቂያለሽ። በማግሥቱ ብርዑን አነሣሁ። ትቆይ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ዓመት አይደል፣ ስንት ዓመት አሳልፈናል ብዬ ራሴን ቀለድሁበት። ምርጫው ያንቺ ነበር፤ እኛ ሁለታችን ከእጅሽ ነጠቅንሽ። እሷ ይቅር የምትባል ይመስለኛል። የኔን እንጃ።

አሁን እዚህ ብቻዬን ነኝ። የሦስት ሰው ድንኳን ለአንድ ሽማግሌ ይሰፋል፤ ከማዶ ለመጡ ለሁለት ሴቶች ግማሹን ሰጥቻለሁ። የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሠላሳውን ቁጥር ከሳጥኑ እንዳየሁት ነው የጻፍሁት፤ አንዱንም አልነካሁም። ኡምሰልማ ምስክሬ ናት። የጮኸችው ማሬ ናት። ወንዙን ስትመለከት የነበረችው እናትሽ ናት። የፈጠርሁት ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ሸጊቱ ብዬ በጻፍሁት መስመር ላይ የተለካችው ማሬ ነበረች፣ ማሬ ባልሁት ላይ ሸጊቱ።

አያትሽ አየነው